ጨው ቀባሪው

«ከሱ ነው እንዴ የምትገዢው? ጨው የቀበረው እኮ እሱ ነው!»

ሴትዮዋ ያነሳችውን የፋኖስ ብርጭቆ እጇን ያቃጠላት ይመስል ባንኮኒው ላይ መለሰችው። ሙህዲን ሊጠቀልልላት ጋዜጣ ቀዶ ይዞ ነበር። የጮኸችው ጓደኛዋ ከመንገዱ ማዶ ዣንጥላ ዘርግታ ቆማለች፤ ድምጿን ለመቀነስ እንኳ አልሞከረችም። «እህቴ፣ ያ ትያትር ነው» አላት ሙህዲን። ፊልሙ ከታየ ወዲህ ይህችኑ ቃል ስንቴ እንደተናገራት እሱም አያውቅም። «የምን ትያትር? በዓይኔ አይቼዋለሁ! መሬቱ ሲቆፈር፣ ጆንያው ሲወጣ፣ አንተ እጅህን አናትህ ላይ አድርገህ ስትለምን በዓይኔ አይቼሃለሁ!» አለችና መንገዱን ተሻግራ ጓደኛዋን በክንዷ ጎትታ ወደ ገበያው ይዛት ሄደች። ሙህዲን ብርጭቆውን በአንድ ብር ከሃምሳ ነበር የሚሸጠው። ሌላ ሱቅ ሁለት ብር ነው የሚሏት፤ ሁለት ብሯን ከፍላ፣ ከአሻጥረኛ ባለመግዛቷ ልቧ ሞልቶ ቤቷ ትገባለች።

ሱቁ አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው። ክር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ ሳሙና፣ የጫማ ቀለም፣ ሲገኝ ደግሞ ስኳር ይሸጥበታል። ከጀርባው አንድ ክፍል መኝታ ቤት አለ፤ ጣውላ ወለል ያለው። ጣውላው ነው ጣጣውን ያመጣው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ የቀበሌው ሊቀመንበር በላይነህ አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ አስከትሎ ሱቁ ገባ፤ ሰውዬው ክፍሉን ካየ በኋላ ሙህዲንን ከራስ ጸጉሩ እስከ እግሩ ተመለከተው። ቦርጩንና የወርቅ ጥርሱን አየ። «ይሄ ነው» አለ መነጽራሙ፤ «እንዲህ ያለ ፊት አዲስ አበባም አላገኘሁም።» የፊልም ሠሪው አምሳሉ እሱ ነበር። ሥራው ቀላል ነው ተባለ፤ ሕዝብ ማስተማሪያ ነው፤ እንደ ቀበሌው ኪነት ቡድን ጨዋታ ያለ ነገር ነው፤ አንተ ጨው የደበቀ ነጋዴ ትሆናለህ፣ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ያወጡብሃል፣ አለቀ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ሙህዲን ደስ ብሎት ነበር። ጨውን የመንግሥት መጋዘን መኪና አምጥቶ ሰፈሩ ሁሉ እያየ አራገፈው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ራሳቸው ጠባቂዎቹ ናቸው። ሚስቱ ሸምሲያ ለሁሉም ምሳ ሠራች። ሙህዲን መጀመሪያ ሲቀረጽ ሳቀ፤ አምሳሉ ተቆጣውና እንደገና አስደረገው።

ከዚያ ፊልሙ ተረሳ። ሰሞኑን ግን የሲኒማው መኪና መጣና የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። ሙህዲን ቤተሰቡን ይዞ ከፊት ተቀመጠ፤ ሰው ትከሻውን እየመታ «የዛሬው አክተር!» ይለው ነበር። መብራት ጠፍቶ ምስሉ እንደመጣ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሳቁን ያቆመው ድምፁ ነው። ከላይ የሚናገር አንድ ወፍራም ድምፅ አለ፤ በሬዲዮ ሞት የሚያረዳ ዓይነት። «ይህ ትያትር አይደለም» አለ ድምፁ። «በአዋሳ ከተማ በድብቅ ካሜራ የተነሳ፣ በሕዝብ ጉሮሮ ላይ የቆመ የአንድ ስግብግብ ነጋዴ እውነተኛ ታሪክ ነው።» ሙህዲን አቡጀዲው ላይ አፉን ሲያንቀሳቅስ አየ። የዚያን ዕለት የተናገረውን ያስታውሳል፤ ለቆፋሪዎቹ «ጣውላው ሚስማር አለው፣ እግራችሁን» ነበር ያላቸው። ወፍራሙ ድምፅ ግን «ምሕረት እየለመነ ነው፤ ሕዝብ ግን ምሕረት የለውም» አለ። መብራት ሲበራ ትከሻውን የሚመታው ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የባሰበት የወርቄ ነገር ነው። ወርቄ አጠገቡ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤቱ ናት፤ ለፊልም ሠሪዎቹ ሻይ ስታመላልስ የዋለች፣ ጆንያው ከመኪናው ሲወርድ «ምነው ለኛም አንድ ብትጥሉልን» ብላ የቀለደች ሴት ናት። ዛሬ ጠዋት ባለ ዣንጥላዋ ሴትዮ ከሄደች በኋላ ሻዩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለትና አልሄደችም። ጨርቋን እጇ ላይ ጠምዝዛ ቆመች። «ወርቄ፣ አንቺ ምስክሬ ነሽ መቼም» አላት። «እንዴታ፣ መኪናው ሲያራግፍ አይቻለሁ እኮ» አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብቻ ሙህዲን… ከዚያ በፊት ግን ጉድጓዱ ውስጥ ምንም አልነበረም?» አለችው። ሻዩን ሳይጠጣ ሱቁን ለሸምሲያ ትቶ ወደ ቀበሌ ሄደ።

በላይነህ ከአብዮቱ በፊት ቤት ቀለም ይቀባ የነበረ ሰው ነው፤ የሙህዲንን ሱቅ በር አረንጓዴ የቀባው እሱ ነው። ሙህዲን ሲገባ ወንበር ሰጠው፤ ጽሕፈት ቤቱ ይሞቃል፤ በመስኮቱ የጋሪ ፈረሶች ላብና የሐይቁ ሽታ ይገባል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ለሕዝቡ አንድ ቃል ተናገርልኝ። በስብሰባ ላይ ተነስተህ ‹ትያትር ነው› በል፤ ሌላ አልፈልግም» አለው። በላይነህ ብዕሩን አገላበጠ። «ሙህዲን፣ እኔ አላውቅም እንዴ? አውቃለሁ። ግን ፊልሙ ክፍለ ሀገር ደርሷል። ትናንት ጠርተው ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? ‹ይህ ሰው እስካሁን ሱቁን ከፍቶ እንዴት ይነግዳል? ቀበሌው ምን ይሠራል?› ብለውኛል። ምን ልበላቸው? ‹ፊልማችሁ ውሸት ነው› ልበል? ‹ይህ ትያትር አይደለም› የሚለውን አልሰማህም?» ሙህዲን ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። በላይነህ ወደ ፊት አዘነበለ። «መፍትሔ አለ። አምሳሉ ትናንት ገብቷል፤ ፒያሳ ሆቴል ይዟል። ሁለተኛ ክፍል ሊሠሩ ነው፤ የተጸጸተው ነጋዴ ነው የሚባለው። ሕዝብ ፊት ትጸጸታለህ፣ ሕዝብ ይምርሃል፣ ነጻ ትወጣለህ። ሂድ፣ እየጠበቀህ ነው።»

እስከ ፒያሳ በእግሩ ሄደ፤ ጋሪ ቢጠራ ባለጋሪው ምን እንደሚለው አያውቅማ። ግን እየሄደ ልቡ ቀለል እያለው መጣ። መጸጸት ምን ችግር አለው? ያላደረጉትን መተወን ከቻሉ ባላጠፉት መጸጸት ያቅታል?

አምሳሉ ሆቴሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ይበላል። ተነስቶ ጨበጠው፤ «ጋሽ ሙህዲን» ሲለው ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ከዓይኑ ሥር መጥቆሩ ግን ብዙ ቀን እንዳልተኛ ያሳያል። ነገሩን በአጭሩ አስረዳው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ጋብ ስትል፣ ሱቁ ፊት ሕዝብ ይሰበሰባል። ሙህዲን ይጸጸታል። ከዚያ ጠባቂው «ጨውን ማን አመጣልህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም እጁን ዘርግቶ ያሳያል።

«ማንን ነው የማሳየው?»

«የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ። ነጋዴ ብቻውን አይሠራም፤ አጓጓዥ አለው። ቀበሌው አንድ ሰው ጠቁሞኛል፤ ባለ ኤንትሬ የጭነት መኪና፣ ዲላ የሚመላለስ። የሚስትህ ወንድም ነው አሉ፤ ጠሀ።»

ሙህዲን የሰማው ነገር ቶሎ አልገባውም። «ጠሀ ተስማማ?» አለ።

«እሱ አይነገረውም። አንተ በመጀመሪያው ቀን ሳቅህብኝ፤ ፊልም አባከንኩ። አሁን ድንጋጤው እውነተኛ እንዲሆን ነው የምፈልገው።» አምሳሉ የዓሣውን አጥንት ከሳህኑ ጠርዝ ገፋ አደረገና ዓይኑን ሳያነሳ፣ «መኪናዋም ለሕዝብ አገልግሎት ትውላለች ተብሏል። ያ የኔ ሐሳብ አይደለም» አለ።

ሙህዲን ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ። «እውነቱን ብናገርስ? ጨውን መጋዘኑ እንዳመጣው ብናገርስ?» አለ። አምሳሉ ግራ ቀኝ ተመለከተ። «ካሜራው ላይ ከሆነ ምንም አይደለም፤ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ድምፁ አዲስ አበባ ነው የሚገባው፣ አንተ የፈለግከውን በል። እዚያ የቆመው ሕዝብ የሰማውን ግን መቁረጥ አልችልም። ለሱ ለጠባቂዎቹ ነው መልስ የምትሰጠው። አንተም፣ ቤተሰብህም።» ከዚያ እንደ ወንድም ክንዱን ያዘው። «እኔም አለቃ አለኝ፣ ጋሽ ሙህዲን። መጀመሪያ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት የሐይቁን ወፎች ላነሳ ነበር። ፊልም አልሰጡኝም።»

ሲወጣ አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ከበሩ ተነስቶ ከኋላው ተከተለው። አላነጋገረውም፤ ሙህዲን ሲቆም ይቆማል፣ ሲሄድ ይሄዳል። እስከ አዲስ ከተማ ድረስ እንዲሁ ሄዱና ሙህዲን ቤቱ ሲገባ ሰውዬው ደጃፉ ላይ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠበት።

ጠሀ ውስጥ ነበር። ኤንትሬዋን ከጋሪዎቹ ጀርባ አቁሞ፣ የዲላ አቧራ ከቅንድቡ ላይ ሳይራገፍ ምሳ እየበላ ነው። ፊልሙ ሲሠራም ሲታይም መንገድ ላይ ነበረና ወሬውን ገና መስማቱ ነው። «ጋሼ፣ ምን አደረጓችሁ እነዚህ? ሻሸመኔ ሳይቀር ያወራል። አንድ ረዳት ‹የጨው ቀባሪው አማች› ቢለኝ አንገቱን አንቄ ሊያላቅቁኝ አልቻሉም!» አለና ሳቀ፤ ግን ዓይኑ አልሳቀም። ሸምሲያ ያሳደገችው ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ደረቷ ላይ ተሸክማ ከስልጤ ያመጣችው፤ ሙህዲን ሲያገባት «እኔን ከፈለግክ ይህም አለ» ብላ አጠገቧ ያስቀመጠችው ልጅ። ሲቆጣ ፊት ለፊቱ ያለውን አያይም። ሙህዲን ከትሪው ፊት ተቀመጠ። ጠሀ ስለ ዲላ መንገድ፣ ስለ ኬላው፣ ስለተበሳው ጎማ ያወራል፤ ባልና ሚስት ያዳምጣሉ። በመስኮቱ የጠመንጃው አፈሙዝ ጫፍ ይታያል። ሸምሲያ አንዴ አፈሙዙን፣ አንዴ የባሏን ፊት አየች፤ ተነስታም «ያን ቁምሣጥን ና አንሳልኝ» አለችው።

መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ የተመለሰው ጣውላ ላይ ቆሞ፣ በስልጥኛ በሹክሹክታ ነገራት። አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከግድግዳው ማዶ የጠሀ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲሽከረከር ይሰማል።

«ይሂድ፤ አሁኑኑ መኪናውን ይዞ ይሂድ» አለ ሙህዲን።

«ኬላ አለ። ከሸሸ ደግሞ ወንጀለኛ ነው። የሸሸበትን ዕዳ ደግሞ አንተ ትከፍላለህ።»

«እንግዲያው ልንገረው።»

«አትንገረው» አለች ሸምሲያ። «ይህ ልጅ ይማታል። ጠመንጃ ፊት ይማታል። አትንገረው።» ቀና ብላም፣ «ምን ልትል ነው?» አለችው።

«አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ዓይኗ ግን ፊቱ ላይ ቀረ። ወንድሜን አሳልፈህ አትስጥ አላለችውም፤ ራስህን አድን አላለችውም። ሙህዲን ሁለቱንም ብትለው ይሻለው ነበር። ተነስታ ሻርፕዋን አስተካከለችና ጠሀ ሻይ እንደሚደግም ልትጠይቅ ወጣች።

ሕዝቡ የመጣው ከሰዓቱ ቀድሞ ነው። ጠባቂዎቹ ከየቤቱ ሲጠሩ ዋሉ፤ ገበያተኛው፣ ባለጋሪው፣ ከሆስፒታሉ መስመር የሚመለሰው ሁሉ ቆመ። ካሜራው በሦስት እግሩ የሱቁ በር ትይዩ ተተክሏል። ወርቄ ከሻይ ቤቷ ደጃፍ ወንበር ላይ ቆማ ታያለች። ጠሀ ከፊት ረድፍ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል፤ አማቹ ዛሬ ከሐሜቱ ሊወጣ ነው ብለውታል፣ ሊያጨበጭብ ነው የመጣው። ከጀርባው ሁለት ጠባቂዎች እንደ ተራ ተመልካች ተጠግተው ሲቆሙ ግን ሙህዲን አየ። በላይነህ ደግሞ ከካሜራው ጎን ሆኖ በዓይኑ ኤንትሬዋን ይመለከታል። ሸምሲያ ሱቁ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቀርታለች።

ካሜራው መንሾካሾክ ጀመረ። ሙህዲን የተባለውን አለ፤ ስግብግብነት አሳውሮኝ ነው፣ ሕዝቤን በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ቃላቱ ከአፉ ሲወጡ ምንም አልተሰማውም። ከዚያ ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ እጁ አውርዶ፣ አዳራሽ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ጮክ ብሎ፣ «ጨውን ያመጣልህ ማን ነው? ለሕዝብ ተናገር!» አለ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ሕዝቡ መዞር ጀመረ።

ሙህዲን ዝም ቢል የጠሀ ፊት ላይ ካሜራው ይቆማል፤ ወፍራሙ ድምፅ የቀረውን ይሞላዋል። እውነቱን ቢናገር ዛሬውኑ ሦስቱንም ይወስዷቸዋል። ካሜራው የጠሀ ትከሻ ጋ ሊደርስ ሲል እጁን አነሳ። የዘረጋው ግን ወደ ገዛ ደረቱ ነበር።

«ማንም አላመጣልኝም!» ብሎ ጮኸ። ካሜራው ወደሱ ተመለሰ። «ብቻዬን ነኝ! እኔ ነኝ ያመጣሁት!»

ሰዉ አጉረመረመ። ጠባቂው በላይነህን አየ። ሙህዲን ክፍተት መተው እንደሌለበት ገባው፤ አንዲት ቀዳዳ ከቀረች ሌላ ሰው ያስገቡባታል። ስለዚህ ማውራት ጀመረ። ጨውን ከባላገር በጥቂት በጥቂቱ በእህል ለውጦ እንደሰበሰበ፣ ሚስቱ አገሯ ለለቅሶ በሄደችበት ሰሞን ጣውላውን እንደነቀለ፣ አፈሩን በኮቱ ኪስ ሳይቀር እያወጣ ሐይቅ ዳር እንደደፋ፣ ጋሪ እንኳ እንዳልተከራየ፣ በጀርባው እንደተሸከመ፣ እስከ ዛሬም ወገቡን እንደሚያመው ተናገረ። «ለሚስቴም አልነገርኩ፣ ለወንድሟም አልነገርኩ፣ ይህ ልጅ የላቡን የሚበላ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢያውቅ ቤቴን አይረግጥም ነበር!» አለ። እያወራ ሳለ ሁሉም ነገር በዓይኑ ፊት ይታየው ጀመር፤ አፈሩ፣ የጆንያው ሸካራነት ትከሻው ላይ፣ ፍርሃቱ። ድምፁ ተሰበረና እንባው መጣ፤ እንባው የውሸት አልነበረም። ሲጨርስ የፈረስ ማንኮራፋት ብቻ ይሰማ ነበር። ወርቄ ወንበሯ ላይ እንደቆመች አፏን በእጇ ይዛለች። «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

አምሳሉ ፊቱን ከካሜራው አነሳ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ይሄ ነው» አለ፤ ለማን እንደተናገረ አይታወቅም። ከጠሀ ጀርባ የነበሩት ጠባቂዎች እርስ በርስ ተያዩና ገለል አሉ። በላይነህ ወደ ሙህዲን ተጠጋ፤ ፊቱ በንዴት ጠቁሯል፤ ንዴቱ ውስጥ ግን ሌላም ነገር ነበር። «ምን አደረግክ አንተ ሰው? ሕዝብ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ እንዴት አድርጌ ልልቀቅህ?» አለው። ሙህዲን የሚያየው ጠሀን ነበር። የጠሀ እጆች ወደ ታች ወርደዋል። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቁጣ ቢሆን ኖሮ ሙህዲን ይችለው ነበር። ጠሀ አንዴ ምራቁን መሬት ላይ እንትፍ አለና፣ ሰዉን በትከሻው እየገፋ ወደ መኪናው ሄደ። ኤንትሬዋ እያጓራች ተነሳች፤ አቧራዋ ካሜራውን ሸፈነው።

ሱቁን አሸጉት። ሙህዲንን በቀበሌው እስር ቤት፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረችው የቆርቆሮ ክፍል አስገቡት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታት ውላ ግድግዳዋ ገና ትኩስ ነው፤ ከፍ ብላ የተሠራች አንዲት ፍርግርግ መስኮት አለች፣ በሷ የታቦር ተራራ አናት ሲቀላ ይታያል። ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ማን እንደሆነ አውቀውት ቦታ ለቀቁለት፤ አንዱ «ጨው ግን እንዴት አልሟሟብህም?» ብሎ ጠየቀው፣ ለቀልድ ሳይሆን ለማወቅ።

ሊመሻሽ ሲል ሸምሲያ መጣች። ጠባቂው ዳቦውን ቆርሶ፣ ወጡን በማንኪያ አማስሎ ፈተሸና በመስኮቱ ሥር እንድትቆም ፈቀደላት። ሙህዲን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቆሞ ፊቷን አገኘው። ጋቢውን በፍርግርጉ መሐል አሳለፈችለት፤ እሱም ጫፉን እየጎተተ ተቀበላት፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ጠሀስ?» አለ።

«ሄደ። ከከተማ ከመውጣቱ በፊት ግን ተመልሶ መጣ። ‹ልብስሽን ሰብስቢ፣ እወስድሻለሁ፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ቤት አታድሪም› አለኝ። ‹ታውቂ ነበር ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ርቦን እንኳ ቢሆን የሐራም አልበላንም ብዬ ለሰው ስምል ነበር› አለኝ። አለቀሰ።»

«ምን አልሽው?»

ሸምሲያ ወደ ጠባቂው ዞር ብላ አየች። ሰውዬው ፊት ለፊቷ ቆሞ ያዳምጣል። መልሳ ባሏን አየችው፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ በፍርግርጉ ውስጥ ጣቱን ያዘች።

«‹አላውቅም ነበር› አልኩት።»

ሙህዲን ራሱን ነቀነቀ። «ደግ አድርገሻል» አላት። ከዚያ ጠባቂው ጊዜው አልቋል ሲል፣ ሙህዲን ጣቷን ለቀቀ።